ቁልፍ መያዣው ላይ

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከሸዋ በር ወረድ ብሎ፣
የጦሳ ጭጋግ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ወንበሬ ላይ ተደላድሎ፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፤
የድንበር፣ የቀለብ፣ የይግባኝ፣ የውርስ።
ገጹን ነው የማስከፍል፤ እንባውን ባለቤቱ ይዞት ይመለስ።

ያን ጊዜ ማሽኔ ላይ ዊንዶውስ ነበር፣ በሃያ ብር ሲዲ የተገዛ፤
ከየደንበኛው ፍላሽ ጉንፋን እየለቀመ ሲያስነጥስ፣ ሲፈዝ፣ ሲንዛዛ፣
አንድ ሰኞ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ፤
የአርባ ሰው አቤቱታ ሆዱ ውስጥ እንዳለ አፉ ታተመ።

ሙህዬን ጠራሁት። ፒያሳ ደረጃው ሥር ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣
የብየዳ ጠባሳ ጣቱ ላይ፣ ቁልፍ መያዣው ላይ አንዲት ፍላሽ ያሰረ።
«አብሽሪ» አለኝ፣ ሰካት።
ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል እንደ ክረምት ወረደ፤
የእኔም ልብ አብሮት ቦርከና ገባ፣ ሄደ።

«ሊኑክስ ይባላል» አለኝ፤ «እንግዳ ነው፣ አያድርም፤
ፋይልሽን ከፍርስራሹ ያወጣል እንጂ ወንበር እንኳ አይስብም።»
እውነቱን ነው። አርባውን ቆጥሮ አስረከበኝና ወጣ፤
ሙህዬም ያንኑ ዊንዶውስ መልሶ ጭኖ፣ ሠላሳ ብሩን ተቀብሎ፣ ሻዩን ጠጣ።

ለዓመታት እንዲሁ ነበር፣ እንደ ገናዥ፤
በደህና ቀን ስሙን የሚያነሳው የለ፣
ሲሞት ብቻ «የት አለ? የት አለ?»

ከዚያ ያ ጥቅምት። ስለሱ ብዙ አልልም።
ስመለስ በሬ የለም፣ አዲሱ ማሽን የለም፣ ፕሪንተሩ የለም፤
የቀረችው በር ማስደገፊያ ያደረግኋት ያች አሮጊት ብቻ፣
እኩዮቿ ሲጫኑ የተናቀች፣ ለትዝብት የተቀመጠች ለብቻ።

ሙህዬ መጣ። ሱቁ ባዶ፤ ቁልፉ አለ፣ የሚከፍተው በር የለም።
ማሽኗን እንደ ታማሚ አገላብጦ፣ «ይች እንኳ ዊንዶውስ አትሸከምም።
እንግዳውን እናሳድረው» አለኝ።
አሳደርነው።

ቀላል አልነበረም።
በፓወር ግዕዝ የጻፍኩት የአሥር ዓመት ዶሴ፣ ተከፍቶ ሳጥን በሳጥን፤
ከሳሹ ሳጥን፣ ተከሳሹ ሳጥን፣ ዳኛውም ሳጥን።
የተዋስነው ፕሪንተር ሦስት ሳምንት አላናግርም ብሎ አኮረፈ፤
ሙህዬ ጥቁሩ ገጽ ላይ ሲለማመጠው ስንት ሌሊት አለፈ!
እኔም ከተረፈ ቅጂ እያየሁ፣ ሳጥኑን ፊደል በፊደል ቀየርኩ፤
ስንቱ ዋሽቶ እንዳስጻፈኝ ያኔ ነው የቆጠርኩ።

አሁን የእህቴ ልጅ ራውዳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣
ቦርሳዋን ወርውራ ትከፍተዋለች፤ የቤት ሥራ፣ ፊልም፣ ሥዕል ስትቀባ ስታፈርስ፤
ጥቁሩን ገጽ አይታው አታውቅም።
«ይሄ ስሙ ማን ይባላል?» አላት ሙህዬ አንድ ቀን፣ ሊፈትናት።
«ኮምፒውተር ነዋ!» አለችው። ጥያቄው ራሱ አስገረማት።
ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ።

ዛሬ የመጣው ለጥገና አይደለም፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ፤
ለከተማው አስተዳደር፣ «የሱቅ ቦታ ይሰጠኝ»፣ ሁለት ገጽ ከአንድ መስመር ትርፍ።
እጽፋለሁ። ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን ያያል፤
አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ፍላሿን ይዳብሳል፤
ከልምድ ነው፣ ያን ሰማያዊ ይጠብቃል።

አልመጣም። ገጹ ታተመ፤ ትኩሱን ሰጠሁት።
መስኮቱን ስከፍተው ጭጋጉ ተነሥቶ፣ ጦሳ ወለል ብሎ፤
ሰማያዊ የሆነው ሰማዩ ብቻ ነበር።